«መካከል ላይ ነሽ» የተባለችው ሞተር



በዚህ ግድግዳ ላይ የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ ግጥም፣ የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄ፣ አለበለዚያም ስለ ጊዜ አጠቃቀም የሚመክር ጽሑፍ ነው። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት የአንዲት 9 ግራም የምትመዝን ሞተር ወሬ ነው። «ደግሞ ሞተር ምን ያደርግልናል? እኛ የምንወጣው ለማስተማር እንጂ ለጋራዥ አይደለም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ነገር ግን የሞተሯ ነገር የኔም ነገር ሆኖ ስላገኘሁት፣ ነገ ከነገ ወዲያም ጠመኔ ስትጨብጡ የእናንተ ጉዳይ መሆኑ ስለማይቀር፣ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነው። እኔ የወልቂጤ ልጅ ነኝ። ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩት ግን ቡታጅራ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። ሁለቱም የጉራጌ ከተሞች ይባሉ እንጂ ተራራው በመካከላቸው ነው፤ ወልቂጤ በጅማ መንገድ ላይ፣ ቡታጅራ ደግሞ ከአለም ገና ተነስቶ ወደ ሆሣዕና በሚወርደው መንገድ ላይ፣ በዘቢዳር ተራራ በኩል ትገኛለች። ያን መንገድ ሕዝቡ ራሱ ብር እያዋጣ ማሠራት የጀመረው በ1950ዎቹ መሆኑን ከእኔ ይልቅ ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወደ ኋላ ላይ የምነግራችሁ መዋጮ ስላለ ነው።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስሟ ብቻ የቀረ አንዲት የሳይንስ ክበብ ነበረች። የበሯ ጽሑፍ ቀለሙ ለቋል፤ ውስጧ የተቀደደ የሰው አፅም ሥዕልና አቧራ የለበሰ አንድ ማይክሮስኮፕ አለ። ልምምዴን የሚከታተሉት መምህር «እስቲ አንተ ወጣት ነህ፣ ይቺን ክበብ ቀስቅሳት» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። እውነቱን ልናገርና ደስ ያለኝ ለልጆቹ ብቻ አልነበረም። ጥሩ ውጤት እንደሚያሰጠኝም አስቤ ነበር።

በመጀመሪያው ስብሰባ 14 ልጆች መጡ። «ምን እንሥራ?» ብዬ ብጠይቅ አንዱ ከኋላ ሆኖ «ሮቦት!» አለ። ሌሎቹ ሳቁበት። ልጁ ግን አልቀለደም። በ2010 ዓ.ም. ሶፊያ የምትባለው ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ አማርኛ ስትናገር ታላቅ ወንድሙ በስልክ አሳይቶት ኖሮ ከዚያ ወዲህ ከልቡ አልወጣችም። እኔም የሶፊያን አካል የሠራው የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ቢሆንም፣ በሶፍትዌሯ ሥራ ላይ ግን አዲስ አበባ ያለው አይኮግ ላብስ የተባለው ድርጅት ወጣቶች እንደተካፈሉበት ነገርኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። «የኛ ሰዎች ናቸው እንዴ ቲቸር?» አለች አንዷ። «የኛ ሰዎች ናቸው» አልኳት። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸው!

እንግዲህ ሶፊያን የምታህል ባንሠራም በሁለት ጎማ ወደፊት የምትሄድ፣ ወደ ኋላ የምትመለስ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የምትዞር ትንሽ ሮቦት ሠርተን ለወላጆች ቀን ልናሳይ ተስማማን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ነውና ልጆቹ ከየኪሳቸው አዋጡ። አንዷ ለዳቦ የተሰጣትን አመጣች። አንዱ ገበያ ውስጥ ፌስታል ሸጦ ያገኘውን ቆጥሮ ሰጠኝ። ገንዘቡን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከነስማቸው ጻፍኩ። መርካቶ የሚነግድ የአጎቴ ልጅ ሁለት ሰርቮ ሞተር ገዝቶ በሚኒባስ ረዳት እጅ ላከልን። የአንዷ ዋጋ ያን ጊዜ ከአንድ ኪሎ የክትፎ ሥጋ ያነሰ ነበር። ለልጆቹ ግን የብዙ ቀን ዳቦ ነበር። ሮቦቷን የሚያዘውን አርዱይኖ የሚባል ሰሌዳ ደግሞ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ጓደኛዬ አዋሰኝ።

ሰርቮ ምንድን ነው ለምትሉ ባጭሩ ልናገር። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «አገልጋይ» እንደማለት ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ጆሴፍ ፋርኮ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ የመርከብን ከባድ መሪ በእንፋሎት ኃይል ለሚያዞር መሣሪያ ይህን ስም ሰጠ። መሪውን የያዘው ሰው በትንሹ ያዛል፤ መሣሪያው ታዝዞ ከባዱን ያዞራል። የዛሬዎቹ ትንንሾቹ ሰርቮዎችም በሬዲዮ ለሚታዘዙ የመጫወቻ አውሮፕላኖች ክንፍና ጭራ ማንቀሳቀሻ ሆነው የተስፋፉ ናቸው። እኛ የገዛናት ኤስ ጂ 90 የምትባለዋን፣ ሰማያዊ ፕላስቲክ የለበሰችውን፣ የክብሪት ሳጥን የማታህለውን ነው።

በውስጧ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛ ትንሽ ሞተር አለች። ሁለተኛ የሞተሯን ፍጥነት እየቀነሱ ጉልበቷን የሚያበዙ ነጫጭ የፕላስቲክ ማርሾች አሉ። ሦስተኛ የማዘዣ ሰሌዳ አለ። አራተኛው ፖቴንሽዮሜትር የሚባለው ነው፤ ይኸውም የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ የሆነው ዓይነት ዕቃ ነው። የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነው። ዘንጓ ሲዞር እሱም አብሮ ይዞራል፤ ለሰሌዳውም «አሁን እዚህ ደርሰናል» እያለ ይናገራል።

ትእዛዙ የሚመጣላት በኤሌክትሪክ ምት ነው። በየ20 ሚሊ ሰከንዱ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ፣ አንድ አጭር ምት ይደርሳታል። ምቱ 1 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ወደ አንዱ ጫፍ፣ 2 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ወደ ሌላው ጫፍ፣ 1.5 ከሆነ ወደ መካከል ሂጂ ማለት ነው። ሰሌዳው የታዘዘውንና ፖቴንሽዮሜትሩ የነገረውን ያስተያያል። ልዩነት ካለ ሞተሯን ያዞራል፤ ልዩነቱ ሲጠፋ ያቆማል። ታዲያ ይህች ሞተር በተፈጥሮዋ ግማሽ ክብ ያህል ዞራ ትቆማለች እንጂ እንደ ጎማ አትሽከረከርም።

«ታዲያ ለምን የምትሽከረከር ሞተር አልገዛችሁም?» ትሉ ይሆናል። ተራ ሞተር ብቻዋን ፈጣንና ደካማ ናት። ማርሽ ትፈልጋለች፤ ወደፊትና ወደ ኋላ የሚያዛት ሌላ ሰሌዳም ትፈልጋለች። ሰርቮ ውስጥ ግን ማርሹም ሰሌዳውም አብሮ ተገዝቷል። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ማታለል። ፖቴንሽዮሜትሩን ከሰሌዳው አላቅቀን በምትኩ ሁለት እኩል ሬዚስተሮች ብንተክል ሰሌዳው ሁልጊዜ «መካከል ላይ ነሽ» የሚል ወሬ ብቻ ይሰማል። እንግዲህ «ወደ ቀኝ ሂጂ» ስትባል ትዞራለች፤ ደረስሽ የሚላት የለምና መዞሯን ትቀጥላለች። በ1.5 ትቆማለች፤ ከዚያ ሲበልጥ ወደ አንድ ወገን፣ ሲያንስ ወደ ሌላው ትሽከረከራለች። ከ1.5 በራቀ ቁጥር ፍጥነቷ ይጨምራል።

ይህን ሁሉ ማታ አንብቤ በቃሌ ያዝኩ። ሬዚስተሮቹን ከአንድ አሮጌ ሬዲዮ ላይ ነቀልኩ፤ ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ፣ ወርቃማ መስመር ያላቸው፣ 2200 ኦም የሆኑ። የትምህርት ዕቅዴንም አሳምሬ ጻፍኩ፦ «ዓላማ፦ ተማሪዎች በ40 ደቂቃ ውስጥ ሰርቮ ሞተርን ወደ ተሽከርካሪ ሞተር ይለውጣሉ።» በ40 ደቂቃ! አሁን ሳስበው ራሴን ይገርመኛል።

በዕለቱ የሚከታተሉኝ መምህር ወረቀታቸውን ይዘው ከኋላ ተቀመጡ። ልጆቹ ጠረጴዛውን ከበቡ። አራቱን ብሎኖች በትንሽ ካቻቢቴ ፈታሁ። የላይኛውን ክዳን አነሳሁ። የማርሾቹን አቀማመጥ አንዱ ልጅ በእርሳስ ሥሎ ያዘልኝ። በመጨረሻው ማርሽ ላይ ለማቆሚያ የተሠራች ትንሽ የፕላስቲክ ጉብታ አለች፤ እሷን በምላጭ ቆረጥኳት። ከፖቴንሽዮሜትሩ ወደ ሰሌዳው የሚሄዱትን ሦስት ሽቦዎች ቆርጬ በሬዚስተሮቹ ተካሁና በካውያ በየድኩ። የሁለቱን ዳር ከዳርና ከዳር፣ መገናኛቸውን ከመካከለኛው። እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ እንጂ ሥራው አማረ።

ይህን ጊዜ አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። አንገቷን አስግጋ ውስጡን ስታይ ቆይታ ነበር።

«ቲቸር፣ ያ የሬዲዮ ዕቃ እዚያው ውስጥ ነው አይደል?»

«አዎ፤ ሽቦው ተቆርጧል። አሁን ሥራ የለውም።»

«እሺ፤ ግን የኛ ቤት ሬዲዮ ድምፁ መጨመሪያ ዞሮ ዞሮ ይቆማል። ዝም ብሎ አይዞርም። ይሄስ አይቆምም?»

ሰዓቴን አየሁ። 12 ደቂቃ ቀርቶኛል። ከኋላ እስክሪብቶ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። «ጥያቄ በመጨረሻ ነው» አልኳት። እጇን አወረደች።

ክዳኑን መለስኩ፤ ብሎኖቹን አጠበቅሁ፤ አራት የባትሪ ድንጋይ ካለበት ሳጥን ጋር አገናኘኋት። «አሁን ዝም ብላ ስትዞር ታያላችሁ!» ብዬ ትእዛዙን ሰጠሁ። ሞተሯ ዞረች... ዞረች... ቆመች። ከዚያም ከውስጥ «ክርርር» የሚል ድምፅ መጣ። አንድ ጥርስ ሲሰበር፣ ሌላው ሲከተል፣ የልጆቹ ዳቦ ሲደቅ የሰማሁ መሰለኝ። ገመዱን እስክነቅል ድረስ አንዱ ማርሽ ጥርስ አልባ ሆኗል።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ልጅቷ እንዳለችው ነው የሆነው። ፖቴንሽዮሜትሩ ራሱ በውስጡ ማቆሚያ አለው። በዚች ሰርቮ ደግሞ የመጨረሻው ማርሽ የሚቀመጠው በፖቴንሽዮሜትሩ ዘንግ ላይ ነው። ሽቦውን ብቆርጥም ዘንጉ ከማርሹ ጋር እንደተያያዘ ነው። ዘንጉ እምቢ ሲል ሞተሯ ገፋች፤ በመካከል ያለው ፕላስቲክ ተበላ። ከመግጠሜ በፊት በጣቴ ቀስ አድርጌ አንድ ጊዜ ሙሉ ዙር ላዙራት ብሞክር ኖሮ በሁለት ሰከንድ ይገባኝ ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለኔ ነው። እኔማ የምለቅመውም አልነበረኝ።

ክፉው ነገር ግን መሰበሩ አይደለም። ክፉው ቀጥሎ የሆነው ነው። 14 ልጆች ዓይን ዓይኔን አዩኝ። መምህሩም ከኋላ ቀና አሉ። እኔም ፈገግ ብዬ «ልጆች፣ ይቺ ከፋብሪካ ስትወጣ ጀምሮ ችግር ያለባት ናት፤ ያጋጥማል» አልኩ። እንዲህ አልኩ! ቃሉ ከአፌ የወጣው እኔ እንኳ ሳላዘው ነው። ልጆቹ አመኑኝ። «አይ ነጋዴዎች!» አለ አንዱ። ያቺ ልጅ ብቻ ምንም አላለችም። አየችኝ፤ ከዚያም ወለሉን አየች።

በሚቀጥለው ስብሰባ መጣች፤ ግን እጇን አላወጣችም። በሌላው የሳይንስ ክፍለ ጊዜም አላወጣችም። ስለ ማርሽ ጠየቅኳት፤ «አላውቅም» አለችኝ። የምታውቀውን አላውቅም የምትል ተማሪ አጋጥማችሁ ታውቃለች? መልሷ ትክክል ካልሆነ ተማሪ ይልቅ ያ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል።

ቅዳሜ ወደ ወልቂጤ ሄድኩ። ሰፈራችን ከልጅነቴ ጀምሮ «ጋሼ» የምላቸው ሬዲዮ ጠጋኝ አሉ። የተሰበረችውን ሰርቮ ፊታቸው አስቀምጬ «ጋሼ፣ የፋብሪካ ጉድለት አለባት» አልኳቸው። ለእሳቸውም ያንኑ ደገምኩላቸው፤ ውሸት አንዴ ከወጣ ቤት ይሠራል። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ከፈቷት። ፖቴንሽዮሜትሩን በጣታቸው አዙረው እስኪቆም ጠበቁ። ወደ ሌላ ወገን አዞሩት፤ እንደገና ቆመ። ከዚያም ቀና ሳይሉ «ልጄ፣ ዕቃው ምንም አላደረገህም» አሉኝ።

ሌላ ንግግር አላስፈለገም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ልጅቷንም ጭምር። እሳቸውም አልገሠጹኝም። «እሷን ልጅ አምጥተህ እዚህ ብታስቀምጥልኝ ሙያ አስተምራት ነበር» ብለው ሳቁና ሁለተኛውን ዘዴ አሳዩኝ። ይኸውም ብየዳ የማይፈልገው ነው። ሽቦ አይቆረጥም፤ ሬዚስተር አይገዛም። የመጨረሻውን ማርሽ ከሥሩ ያለውን ቀዳዳ፣ ማለትም የፖቴንሽዮሜትሩን ዘንግ ጨብጦ የሚይዘውን፣ በቀጭን መሰርሰሪያ ጫፍ በእጅ እያዞሩ ክብ እስኪሆን ማስፋት ነው። ያን ጊዜ ማርሹ በዘንጉ ላይ ተቀምጦ በነጻ ይዞራል፤ ዘንጉ ግን ባለበት ይቀራል። ማቆሚያዋን ጉብታም መቁረጥ አይረሳም። ቀጥሎ ማርሹን ሳይመልሱ የ1.5 ሚሊ ሰከንድ ትእዛዝ መስጠትና የፖቴንሽዮሜትሩን ዘንግ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ሞተሯ ጸጥ ስትል መካከሉ ተገኘ ማለት ነው። እዚያው ላይ አንዲት ጠብታ ማጣበቂያ ጠብ አድርጎ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ፣ ማርሹን መመለስ። ማጣበቂያው ማርሹን እንዳይነካ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በመጨረሻም ባትሪ ከመግጠም በፊት በጣት ማዞር። እሷን ጋሼ ሁለት ጊዜ ደገሟት።

በተሰበረችው ምትክ ሌላ ሰርቮ ከራሴ ኪስ ገዛሁ። ይህን የምጽፈው እንድትመሰግኑኝ አይደለም፤ ያጠፋሁትን ነው የከፈልኩት።

ሰኞ ክበቡ ሲሰበሰብ መምህሩ እንደ ልማዳቸው ከኋላ ተቀምጠዋል። ልቤ እየመታ ቆምኩ። «ልጆች፣ ባለፈው ሞተሯ ከፋብሪካ ተበላሽታ መጣች ያልኳችሁ ውሸት ነው። የሰበርኳት እኔ ነኝ። የሰበርኳትም ጓደኛችሁ የጠየቀችውን ባለመስማቴ ነው» አልኩ። ልጆቹ ተያዩ። አንዱ «ሄሄ» ብሎ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ልጅቷ እጇን አወጣች። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዋ ነበረች።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልሰሙኝም?»

መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ዕቅዱ። ፊቷን ሳይ ሁሉም ጠፋብኝ። «ፈርቼ ነው» አልኳት። እውነቱ እሱ ስለሆነ።

ከዚያ በኋላ ካቻቢቴውን ለእሷ ሰጠኋት። 40 ደቂቃ አላልኩም። ሥራው ሦስት ስብሰባ ወሰደ። ሁለቱ ሰርቮዎች ተራ በተራ ተከፈቱ፤ እያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ነገር ነካ። ማርሹን በጣት ያዞሩት ሁሉም ናቸው፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር፤ ሳይቆም! ጭብጨባው እስከ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተሰማ።

ችግር ግን አላለቀም። «ቁሚ» ብለን 90 የሚል ቁጥር ስንሰጥ አንዷ ሞተር እንደ ቀንድ አውጣ ትሳብ ነበር። ምክንያቱን ፈለግን። የአርዱይኖው ፕሮግራም ካልተነገረው በቀር 90ን የሚተረጉመው 1500 ማይክሮ ሰከንድ ብሎ ሳይሆን 1472 ብሎ ነው። ማጣበቂያውም ሲደርቅ ዘንጉን ትንሽ ስቦት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን በማይክሮ ሰከንድ እየጻፍን ጥቂት ከፍ፣ ጥቂት ዝቅ አድርገን የየራሳቸውን መቆሚያ አገኘን። በሬዚስተር ቢሠራም ያው ነው፤ ወርቃማው መስመር ከተጻፈው 5 ከመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል ማለት ስለሆነ ሁለቱ እኩል መሆናቸውን በቴስተር መለካት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር አሳቀን። ለሁለቱም ሞተሮች «ወደፊት» ብለን ብናዝ ሮቦቷ እንደ እንዝርት ባለችበት ሾረች። ለምን ቢሉ፣ ሞተሮቹ ፊትና ጀርባ ሆነው ስለተገጠሙ የአንዷ ወደፊት የሌላዋ ወደ ኋላ ነው። ይህን ያገኘው ያ «ሮቦት!» ብሎ የጮኸው ልጅ ነው፤ ሁለት ጓደኞቹን ጀርባ ለጀርባ አቁሞ ሁለቱንም «ቀኝ እጃችሁን አንሱ» በማለት።

ሦስተኛው የኃይል ነገር ነው። መጀመሪያ ለሞተሮቹ ኃይል ከሰሌዳው ስንሰጥ ገና ሲነሱ ሰሌዳው ጠፍቶ እንደገና ይጀምር ነበር። አራት የባትሪ ድንጋይ ለብቻ ሰጠናቸው፤ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት፣ ባንድነት 6 ቮልት። የባትሪውና የሰሌዳው ነጌቲቭ ግን መገናኘት አለበት፤ አለዚያ ትእዛዙ አይገባቸውም።

ለሒሳብ መምህራን ደግሞ ይህን ልጨምር። የዚች ሰርቮ መግለጫ 60 ዲግሪ ለመዞር 0.1 ሰከንድ ይበቃታል ይላል፤ በ4.8 ቮልት። ሙሉ ዙር እንግዲህ 0.6 ሰከንድ፣ በደቂቃ 100 ዙር ነው። ጎማችን የማርማላታ ጣሳ ክዳን፣ ዙሪያውን የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ የለበሰ፣ ወርዱ 6 ሴንቲ ሜትር ነበር። ዙሪያው 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በሰከንድ 31 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሄድ ነበረባት። ልጆቹ በሜትርና በሰዓት ሲለኩ ግን ያነሰ አገኙ። «ሒሳቡ ተሳሳተ?» አሉ። አልተሳሳተም፤ የመግለጫው ፍጥነት ምንም ሳትሸከም የተለካ ነው፤ የኛዋ ግን ባትሪና ካርቶን ተሸክማለች። ስለ ግጭትና ስለ ጭነት ከዚያ የተሻለ ትምህርት ሰጥቼ አላውቅም፤ ደግሞም የሰጠሁት እኔ አልነበርኩም።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ሮቦቷ በትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ተለቀቀች። ወደፊት ሄደች፤ ግን ወደ ግራ ትጎትታለች። ይህ ከማታለሉ የሚመጣ ነው፤ ያለችበትን የማታውቅ ሞተር ከጓደኛዋ ጋር እኩል መዞሯን የምታረጋግጥበት መንገድ የላትም። ሄዳ ሄዳ በአንድ ሽማግሌ ከዘራ ተጋጨች። እሳቸውም በከዘራቸው ጫፍ ቀስ አድርገው ወደ መስመሯ መለሷትና «ማነው የሚነዳት?» ብለው ጠየቁ። ልጅቷ «ማንም አይነዳትም አባባ። መሄድ እንጂ መድረሷን አታውቅም። እርስዎ ነዎት የመለሷት» አለቻቸው። ሽማግሌው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ አነጋገር በጆሮዬ ውስጥ ናት።

ውድ ሠልጣኞች፣ ያልተነካች ሰርቮ ታዝዛ ትሄዳለች፤ ምን ያህል እንደተሳሳተች ከፖቴንሽዮሜትሩ እየሰማች ትታረማለች፤ ስትደርስ ትቆማለች። እኛ የለወጥናት ሁልጊዜ «መካከል ላይ ነሽ» እየተባለች ትሽከረከራለች። ለጎማ ይህ መልካም ነው፤ ለመምህር ግን ጥፋት ነው። የተማሪ ጥያቄ የመምህር ፖቴንሽዮሜትር ነው። እሱን ቆርጠን «ጥያቄ በመጨረሻ ነው» የሚል ሬዚስተር ከተከልንበት ዕቅዳችን ሳይጎድል፣ ሰዓታችን ሳያልፍ፣ ዓመቱን ሙሉ ልንዞር እንችላለን። ከውስጥ ጥርስ ሲሰበር የምንሰማው ዘግይተን ነው። አንዳንዱ ጥርስ ደግሞ ሲሰበር ድምፅ የለውም፤ እጇን ያወረደች ልጅ ዝም ብላ ነው የምታወርደው።

«መጨረሻ ላይ ውጤትህ ምን ሆነ?» ለምትሉኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ወረቀት ላይ «የተማሪዎችን ጥያቄ አያያዝ» በሚለው ረድፍ ያገኘሁት ዝቅተኛው ነጥብ ነበር። ካመንኩ በኋላም አልተሻሻለም። እኔም እንዲሻሻል አልጠየቅኩም። ወረቀቱን ግን አልጣልኩትም፤ በዕቅድ ደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ለጥፌዋለሁ። የተሰበረችውም ማርሽ በክብሪት ሳጥን ውስጥ ከእኔ ጋር ናት፤ ማየት የሚፈልግ ይጠይቀኝ።

ሥራውን መሞከር ለምትፈልጉ፣ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ አንዲት ሰርቮ፣ ካቻቢቴ፣ ምላጭ፣ ማጣበቂያና ትዕግሥት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ? ካርቶንም በጎማ ይሄዳል። ብቻ ባትሪ ከመግጠማችሁ በፊት በጣታችሁ ማዞር አትርሱ።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለኝ። ከዚህ ጽሑፍ ሥር ባዶ ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ እርሳስም በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። የተሳሳትኩት፣ ያልገባችሁ፣ የማትስማሙበት ካለ ጻፉበት። መምህራኖቻችንም እንዲሁ። ባዶውን ካገኘሁት «መካከል ላይ ነኝ» ብዬ ልታለል ነውና እባካችሁ ባዶውን አትተዉት።

ቸር እንሰንብት።